በጾም የገዛሁት የሸክላ ማጫወቻ

አክስቴ ከፋሲካ በኋላ ሊመነኩሱ መወሰናቸውን የነገሩኝ ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ሳቋርጥ ያልተቆጡኝም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማልቀስ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሸክላው ነው።

ሸክላው ከሣጥናቸው ሥር በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የኖረ የዘፈን ሸክላ ነው። አክስቴ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ፣ አንድ ዘፋኝ ሲቀረጽ ከኋላው ሆነው ከተቀበሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ሸክላው ሲወጣ አንድ ተሰጣቸው፤ ማጫወቻ ግን አልነበራቸውም። በኋላ ያገቡት የቅኔ መምህር ሆኑና ዘፈን እቤታቸው ሳይገባ ቀረ። እንዲህ ሆኖ የራሳቸውን ድምፅ አንድም ቀን ሳይሰሙ አረጁ። ቆብ ከደፉ ደግሞ ዘፈን የሚባል ነገር የለም። የቀረን ጊዜ ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ በማግስቱ በጀልባ ወደ ደሴቱ ገዳም ይሻገራሉ።

እኔ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ጁስ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ነኝ። ሥራውን የወደድሁት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስለምውል ነው። ያጠራቀምሁትን ይዤ ግሽ አባይ ሰፈር አሮጌ ቴፕና ሬዲዮ ጠግነው የሚሸጡ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ። ወዲያው መግባት አልቻልሁም። እስክደፍር ድረስ ከጎረቤት ሱቅ የማልፈልገውን ክብሪት ገዛሁ።

ሽማግሌው ሁለት ማጫወቻ አወጡልኝ። አንዱ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ስፒከሩ እዚያው ውስጡ ያለ፣ ቀይ ነው። የልጅ መጫወቻ መሰለኝ። ሌላው ሰፋ ያለ፣ እንጨቱ የሚያብረቀርቅ ነው። እሱን ሳይ የተማረ ሰው ሳሎን ታየኝ፤ እኔም ከአጠገቡ እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ። ሳሎን እንደሌለን ትዝ ያለኝ ተሸክሜው እቤት ስገባ ነው።

ሽማግሌው ስለ እንጨቱ ማጫወቻ ብዙ አስረዱኝ። እኔ ግን ሳሎኔ ውስጥ ነበርሁ። ደግሞም ሰው ሲያስረዳኝ ራሴ በገዛ ፈቃዱ ይነቀነቃል።

“አምፕሊፋየርና ስፒከር እቤት አለሽ አይደል?” አሉኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከመደርደሪያው አንድ ሸክላ መዘው ሊሞክሩልኝ ሲሉ ነው አፌ የተከፈተው።

“ጾም እኮ ነው፣ ጋሼ።”

ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሸክላውንም ደንግጠው ወደ ቦታው መለሱ። ደፍሬ የተናገርሁት ይኸው ብቻ ነበር። እሱንም ዝም ብል ኖሮ ጉዴ እዚያው በታየ ነበር።

ጾሙን ሙሉ ማጫወቻው አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አወጣውና እወለውለዋለሁ።

በፋሲካ ማግስት አክስቴን አስቀምጬ ማጫወቻውን ፊታቸው አወጣሁት። ምን እንደሆነ ሲገባቸው ተነሥተው ሸክላውን ከሣጥኑ ሥር አመጡ። መርፌውን አሳረፍሁ። ሸክላው ዞረ። ዘፈን ግን የለም። ሶኬቱን ነቀልሁ፣ ሰካሁ፤ ጎኑን መታ መታ አደረግሁ። ሸክላው ይዞራል፣ እኔም ዙሪያውን እዞራለሁ። አምፕሊፋየር፣ ስፒከር ያሉኝ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሱቁ ለበዓል ተዘግቷል፤ ቢከፈትም የምገዛበት የለኝም።

“ተይ እስቲ፣ አትነካኪው” አሉኝ አክስቴ።

ከመርፌው ሥር ድምፅ ይወጣል። ድምፁ ቅል ውስጥ የገባች ዝንብ ያህላል። አክስቴ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገልጠው አጎነበሱ። እኔም በወዲያኛው በኩል አጎነበስሁ፤ ግንባራችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ዘፋኙ ከሐይቁ ማዶ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ አንዷ ከሁለቱ ትንሽ ቀድማ።

“ያቻት” አሉ አክስቴ። “የቸኮለችዋ እኔ ነኝ።”

መርፌው እስኪዘል ሳቁ። ያን ቀን ዘፋኙ ተቆጥቷቸው ነበር አሉ። አገር ሁሉ ስሕተታቸውን የሰማባቸው እየመሰላቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያፍሩ ኖረዋል። ዓይን አፋርነቴን ከማን እንደወረስሁ አወቅሁ።

ሱቅ ውስጥ ሳይገባኝ መነቅነቄን ነገርኋቸው።

“ለምትመነኩስ ሴት ይኼም በዝቷል” አሉ። “በይ መርፌውን መልሽው።”

መለስሁት። ሳምንቱን ሁሉ ከሥራ ስገባ አብረን እያጎነበስን ሰማነው።

የመሄጃቸው ቀን ጀልባው ገና ዳር ሲደርስ አክስቴ ከመንገደኛው ሁሉ ቀድመው ተሳፈሩ። ባለጀልባው ገና ነው፣ ሰው እስኪሞላ እንቆያለን ቢላቸውም አልወረዱም። ተሰናብተን ጨርሰናል። ስለዚህ እሳቸው ባዶው ጀልባ ላይ፣ እኔ ዳር ቆሜ፣ የምንለው ጠፍቶን መንገደኛው እስኪመጣ ስንተፋፈር ቆየን።