የትሩዲ ዐሥራ ስድስት ባር

ትሩዲ ራይነከ ዘንድሮ አርባ ስምንት ዓመቷን ያዘች። ከአባቷ የተረከበችውን የከብት መኖ መደብር ታስተዳድራለች፤ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹን ሙዚቃዊ ቲያትር ታዘጋጃለች። እንደ እኛ ባለ የኦሃዮ ትንሽ ከተማ ሰው በዚህ ይታወቃል፤ ይበቃዋልም። እኔ የማውቃት ግን በሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀንቼባታለሁ።

እኔ የጥርስ ሐኪሙ የባውማን ልጅ ነኝ። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ዳንስ ተምሬያለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ እናቴ ቶሌዶ ድረስ እየነዳች ድምፅ የምታሠለጥን ሴት ዘንድ ታደርሰኝ ነበር። ትሩዲ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን በቀር የትም ቆማ አልዘፈነችም፤ ጫማዋ ላይ የተፈጨ በቆሎ ጠፍቶ አያውቅም። ግን አፏን ስትከፍት ሰው ወሬውን ያቆማል። እኔ ስዘፍን ሰው ያጨበጭባል። ልዩነቱ የሚገባው ለተጨበጨበለት ነው።

በመጨረሻው ዓመታችን የቲያትር አስተማሪያችን ሚስተር ፌልድካምፕ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለትሩዲ ሰጧት። ለእኔ ወሬኛዋ አክስት ደረሰችኝ።

"አንቺ እኮ ኮኒ፣ ምንም ቢሰጡሽ አታሳፍሪም" አሉኝ። ማመስገናቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ሁለታችንም በሙዚቃዊ ቲያትር ዲግሪ ለመማር አመለከትን። እኔ ለስድስት ኮሌጆች፣ ትሩዲ ለአንድ። አባቷ "አንድ ጊዜ ሞክሪ፤ ካልሆነ መደብሩ አለልሽ" ብለዋት ነበር። ያ አንዱ ኮሌጅ ደግሞ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምመኘው ነበር። በዓመት የሚቀበለው ስምንት ሴት ልጆችን ብቻ ነው።

ፈተናው በየካቲት ቺካጎ ነበር። ኮሌጆቹ ሁሉ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ክፍል ይዘው ይቀመጣሉ፤ ልጁ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይሮጣል። ይዞ የሚገባው ከአንድ ዘፈን የተቆረጠ ዐሥራ ስድስት ባር፣ ማለትም ዐሥራ ስድስት የኖታ ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ኖታውን በጥቁር ክላሰር አድርጎ ለፒያኖ ተጫዋቹ ይሰጣል፣ ይዘፍናል፣ "እናመሰግናለን" ይባላል፣ ይወጣል። ስለዚህ ሰው ቁራጩን ለወራት ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ እንደ ስሙ የራሱ ይሆናል። ሚስተር ፌልድካምፕ አንድ ሕግ ነበራቸው።

"የጓደኛውን ቁራጭ የነካ፣ የጓደኛውን የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ የከተተ ነው!"

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ።

የትሩዲ ቁራጭ ከአንድ የተረሳ ቲያትር የተወሰደ ነበር። አንዲት የምግብ ቤት አስተናጋጅ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያመልጣት የምትዘፍነው ነው። ኖታውን በአባቴ ክሊኒክ ማባዣ ያባዛሁላት እኔ ነኝ። አንድ ቅጂ ተረፈና ክላሰሬ ውስጥ አስገባሁት። ምናልባት የእሷ ቢጠፋባት ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ቺካጎ የወሰደችን እናቴ ናት። የሆቴሉ ኮሪደር ደማቅ ቀሚስ በለበሱና ግድግዳውን እያዩ በሚያንጎራጉሩ ልጃገረዶች ተሞልቶ ነበር። ትሩዲ የእህቷን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ አጠገቤ ቆማለች።

"ኮኒዬ፣ ሆዴ ውስጥ ፍየል የገባ መሰለኝ።"

"መኖ ጣይለት፤ አንቺ አታጪም።"

"ጥርስሽ ይርገፍ!" አለችና ሳቀች። "ደግሞ ቢረግፍስ፣ አባትሽ በነጻ ይተክሉልሻል።"

ድምፅዋን ለማሟሟቅ ወደ ደረጃው ሄደች። ከበሩ ጀርባ ሁለት መስመር ብቻ አወጣች። አንዲት ፀጉራም ካፖርት የለበሰች እናት ቆም ብላ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች።

"ከእኛ ጋር ናት" አለች እናቴ።

ሦስት ቃል ናት። ነገር ግን እናቴ እንደዚያ ባለ ድምፅ ስለ እኔ ተናግራ አታውቅም።

ወዲያው ሁለታችንም ካመለከትንበት ኮሌጅ ክፍል "ባውማን!" ተብሎ ተጠራሁ። ገባሁ። ሦስት ዳኞች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ክላሰሬን ከፈትኩና ሁለት ወር የተለማመድኩትን የራሴን ዘፈን ገልጬ አለፍኩት። የትሩዲን ቅጂ አውጥቼ ፒያኖው ላይ አኖርኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በሐዘን ዘፈንኩት። አንድም ኖታ አልሳትኩም።

"እናመሰግናለን" አሉ።

ስወጣ ትሩዲ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

"ኮኒ፣ የእኔን እኮ ነው የዘፈንሽው።"

"ደንግጬ… እጄ ላይ የወጣው እሱ ሆነ።"

"እኔ እኮ ሌላ የለኝም።"

"ሌላ አንድ ነገር አይጠፋሽም" አልኳት። እንደማይኖራት አውቅ ነበር።

"ራይነከ!" አሉ ከውስጥ።

ክላሰሯን አቅፋ ገባች። እኔ ከበሩ አልራቅሁም። መዝሙር ትዘፍናለች ወይም አልቅሳ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ፒያኖው ጀመረ፤ ያው ዘፈን ነው። ትሩዲ ግን አላዘነችም። በእሷ ድምፅ ውስጥ አስተናጋጇ ጥሏት የሚሄደውን አውቶቡስ በቡጢ እየደበደበች ነበር። ኮሪደሩ ላይ ማንጎራጎሩ አንድ በአንድ ቆመ።

"ቅድም የተዘፈነው አይደል?" አለች አንዲት ልጅ።

"አይደለም" አለቻት ጓደኛዋ። "የቅድሙ ሌላ ነው።"

መልሱ በሚያዝያ መጣ። በዚያን ጊዜ ፖስታው ወፍራም ከሆነ ተቀብለውሃል፤ ስስ ከሆነ መክፈትም አያስፈልግም። የትሩዲን ወፍራም ፖስታ፣ ፖስታ አዳዩ ራሱ ከመኪናው ወርዶ፣ እየጮኸ መደብሩ ድረስ አደረሰላት። የእኔ ከዚያም ሆነ ከሌሎቹ ከአምስቱ የመጣው ስስ ነበር። ሥነ ጽሑፍ አጠናሁ።

ትሩዲ አራት ዓመት ተማረች፤ ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ከተማ ለከተማ ከሚዞሩ የቲያትር ቡድኖች ጋር ሠራች። ከኋላ ረድፍ ነበር፤ ስሟ በፖስተር ላይ አልወጣም። አባቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሲሆን ተመልሳ መጣች። መመለሷን የሰማሁ ቀን ደስ አለኝ፤ ይህን ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ። ተሸንፋ የመጣች መስሎኝ ሳያት ጆንያ እያወረደች ከገበሬዎቹ ጋር ትቀላለዳለች። ደስታዬ ከዚያ አላለፈም።

ባለፈው ኅዳር ለወፎች የምበትነው ጥራጥሬ ልገዛ መደብሯ ገባሁ። አንዲት ተማሪዋ ጥግ ላይ ቆማ ኖታ ታጠናለች። በየካቲት የምትፈተን ናት። ትሩዲ ባንኮኒው ላይ በእርሳስ ባሮቹን ትቆጥራለች። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ትሩዲ፣ ያን ቀን ቺካጎ… አውቄ ነው ያደረግሁት።"

"አውቃለሁ" አለች ቀና ሳትል።

"እንዴት?"

"ቅጂውን ፒያኖው ላይ ረስተሽው ወጣሽ። ጠርዙ ላይ በእኔ እጅ ጽሕፈት 'እዚህ ተንፍሺ' ይላል። አንቺ ሞኝ፣ እኔ የምተነፍስበት ላይ ተንፍሰሽ ዘፈንሽ። ሳይለማመድ እንደዚያ የሚተነፍስ የለም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"የወሰዱኝ እናትሽ ናቸዋ! ወደ ቤት የአራት ሰዓት መንገድ ነው። በእግሬ ልምጣ?"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እርሳሱን አስቀመጠች። "ያን ዘፈን ሁልጊዜ እያለቀስኩ ነበር የምዘፍነው። ፌልድካምፕ 'ኧረ አታልቅሺ' እያሉ ስንት ወር ለመኑኝ። ያን ቀን አንቺን እየረገምኩ ዘፈንኩትና ገባሁ። ላመሰግንሽ ሁሉ አስቤ ነበር። ኋላ 'ምን በወጣኝ' አልኩና ተውኩት።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ አልሞላም። ከሕይወቷ ውስጥ የእኔ የምለው ያደረስኩባት ጉዳት ብቻ ነበር። እሱንም ወስዳ ተጠቅማበታለች።

ጥራጥሬዬን ተሸክሜ በሩ ጋ ስደርስ ልጅቷ ቁራጯን ጀመረች። ትሩዲ አስቆመቻትና "እንደገና፣ ከላይ። አትቸኩይ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አለቻት። በዚህ ዕድሜዬ በዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቀናሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።