ስሙን ያላወቀችው ወታደር

የሺእመቤት የምትኖረው አሜሪካ፣ አትላንታ ዳርቻ ባለችው ስማይርና ነው፤ የምትሠራው እዚያው አትላንታ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል እንግዶችን ወደ ተርሚናል የምታመላልስ የሻትል ሾፌር ናት። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ነድታለች። ሥራዋን ትወዳለች፣ ከተሳፋሪ ጋር መጫወትም ታውቅበታለች፤ ስለ ራሷ ግን ብዙ አትናገርም። ባሏ መክብብ በዲቪ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱ በባሕር እንደመጣች ያውቃል እንጂ ባሕሩ ላይ ምን እንደደረሰባት ከአፏ ሰምቶ አያውቅም ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቋት ወሬ ስትቀይር ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺእመቤት የወልድያ ልጅ ናት። በሃያ ሦስት ዓመቷ በሱዳን በኩል ሊቢያ ገባች፤ በፈረንጆቹ 2009 ነሐሴ ላይ ከሰባ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር የላስቲክ ጀልባ ተሳፈረች። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ቆመ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ግራጫ መርከብ ደረሰላቸው። መርከቡ የማልታ ጦር ኃይል ንብረት ነበር። ማልታ ከጣልያን በታች ያለች ትንሽ የደሴት አገር ናት፤ የሺእመቤት እስከዚያ ቀን ድረስ ስሟን እንኳ ሰምታ አታውቅም።

መርከቡን ያየ ሁሉ ብድግ አለ። ጀልባው ወደ አንድ ጎን አዘነበለና አራት አምስት ሰው ባሕር ውስጥ ወደቀ። አንዷ እሷ ነበረች። ዋና አታውቅም። መስመጥ ስትጀምር አንድ ወታደር ዘሎ ገባና ከኋላዋ ያዛት። ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ደጋግሞ ይላታል፤ አረብኛ ይመስላል፣ አረብኛ ግን አይደለም። እየጎተተ መሰላሉ ሥር ሲያደርሳት ማዕበል መጣና ጀልባውን ከመርከቡ ጋር አጋጨው። ወታደሩ መሐል ላይ ነበር።

እሷን ሌሎች ከላይ ሆነው ሳቧት። የመርከቡ ወለል ላይ እንደተጋደመች እሱንም ሲያወጡት አየች። ፊቱ ደም በደም ሆኗል፤ አይንቀሳቀስም። ብርድ ልብስ ጣል አደረጉበት። ወደብ ሲደርሱ ከሁሉም በፊት በቃሬዛ የወረደው እሱ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጠለያው ውስጥ ታደገ የሚባል፣ በዚያው ጀልባ የመጣ ሰው፣ ምሳ እየበሉ ሳለ “ያ ወታደር ሞተ አሉ” አላት። ከማን እንደሰማ አልጠየቀችውም። ከዚያም በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ማልታ በቆየችባቸው ሁለት ዓመታት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ስደተኞች ስም ዝርዝር ላይ ስሟ ሲወጣ ሌሎቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። እሷ ግን ሻንጣዋን እያሰረች ስለዚያ ሰው እናት ታስብ ነበር።

አትላንታ ከገባች ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለአንድ ሟች ጸሎት ታስደርጋለች። በመጀመሪያው ዓመት ቀሲስ ተስፋጽዮን ስሙን ጠየቋት።

“አላውቀውም፣ አባ። ወታደር ነው” አለቻቸው።

ቀሲስ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ወረቀታቸው ላይ “አንድ ወታደር” ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ባለፈው የካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሻትሉ ሞልቶ ወደ ተርሚናል ስትነዳ፣ ከኋላ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማች። በመስታወት ስታይ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ወደ ወለሉ ተንሸራተዋል። ጥግ ይዛ ፓርክ አደረገች፤ አንዱን ተሳፋሪ 911 ደውል ብላ ሮጠች። ሆቴሉ በየሁለት ዓመቱ የመጀመሪያ እርዳታ ያስተምራቸዋል። እዚያ እንደተማረችው በሁለት እጇ ደረታቸውን መጫን ጀመረች፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ አላቆመችም። የአምቡላንሱ ሰዎች ሽማግሌውን ይዘው ሄዱ። እሷ ተሳፋሪዎቿን አድርሳ ተመለሰች።

ሆቴሉም ሆነ እሷ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰሙም። በአራተኛው ሳምንት ግን ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ሆነው የሆቴሉ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ሚስተር ሀትሰን ይባላሉ፤ የአላባማ ሰው ናቸው። ከስተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አበባም ስጦታም አልያዙም። እጇን ይዘው የተናገሩት አጭር ነበር።

“ሐኪሞቹ ስልክ ደውልላት አሉኝ። እኔ ግን በዓይንሽ ልታይኝ ይገባል አልኩ። መዳኔን ሳታውቂ መቅረት የለብሽም።”

የሺእመቤት አመሰገነቻቸው፣ ሸኘቻቸው፣ ከዚያ ባዶው ሻትል ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ዓመት ወታደሩ ሞቷል ብላ ስትሠጋና ስትጸልይ፣ ምናልባት በሕይወት ካለ እሱም ስለ እሷ ምን ሆና ይሆን ብሎ ሊያስብ እንደሚችል አንድም ቀን አልመጣላትም ነበር። መጠየቅ የፈራችው የሞቱን ነገር ማረጋገጥ ስላልፈለገች ነው። አሁን ግን ዝም ማለቷ ራሱ ከበዳት።

የዚያን ዕለት ከሥራ እንደገባች መክብብን አስቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ስትጨርስ ለምን እስከዛሬ እንደደበቀችው አልጠየቃትም፤ ላፕቶፑን አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠ።

“ሞቶ ቢሆንስ?” አለችው።

“ሞቶ ከሆነ ስሙን ታውቂያለሽ” አላት መክብብ። “ለቀሲስ የምትሰጪው ስም ይኖርሻል።”

የማልታ ጦር ኃይል ድረ ገጽ ላይ አንድ የኢሜይል አድራሻ አገኙ። መክብብ እያነበበ የጦሩ ብዛት የምድሩ፣ የባሕሩና የአየሩ ተደምሮ ሁለት ሺህ ሰው ገደማ መሆኑን ሲነግራት አላመነችውም። ይህ ማለት ጠዋት ኤርፖርቱ ፍተሻ ላይ የሚሰለፈው ሰው ያህል ነው። ኢሜይሉን ራሷ ጻፈችው፤ እሱ እንግሊዝኛውን ብቻ ቼክ አደረገላት። ወሩን፣ የሰዉን ብዛት፣ እሷ ለብሳው የነበረውን ቢጫ ሹራብ፣ ወታደሩ እንዴት እንደተጎዳ ጻፈች። በመጨረሻም፣ ሞቶ ከሆነ ለቤተሰቡ ይቅርታ እንድትጠይቅ እንዲፈቅዱላት ለመነች።

ዘጠኝ ቀን ምንም የለም። በየቀይ መብራቱ ስልኳን ታያለች። በአሥረኛው ቀን ሆቴሉ በር ላይ እንግዳ እየጠበቀች ሳለ መልሱ መጣ። የጻፈችላት አንዲት የቢሮ መኮንን ናት። “ሠራዊታችን ትንሽ ነው፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን” ይላል ደብዳቤው። “ምሳ ላይ ታሪክሽን ሳነሳ ሦስት ሰዎች ወዲያው አወቁት። ካርመኑ ይባላል። ደህና ነው። ጡረታ ወጥቷል። የስልክ ቁጥሩን እንድሰጥሽ ራሱ ጠይቆኛል።”

የሺእመቤት “ደህና ነው” የሚለውን ደጋግማ አነበበችው። የሻትሉ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሻንጣ ይዘው የመጡ እንግዶች ምን ነካሽ ሲሏት እያለቀሰች “ደስ ብሎኝ ነው” አለች። እውነቷን ነበር። እየነዳች ስትሄድ ደረቷ ውስጥ አየር ሲገባ ይታወቃት ነበር፤ ለስንት ዓመት በግማሽ ስትተነፍስ እንደኖረች ያኔ ነው የገባት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በቪዲዮ ተገናኙ። ካርመኑ ራሰ በራ፣ ወፈር ያለ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኗል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። አሁን የቀለምና የምስማር ሱቅ ከፍቷል፤ የደወለውም ከሱቁ ሆኖ ነው። ሦስት የጎን አጥንቱና ትከሻው ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ፣ አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ነገራት። ከዚያ ወደ መርከቡ ተመልሶ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል።

ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር አቋረጣት።

“የመጨረሻ የማስታውሰው እጅሽ ከእጄ ሲያመልጥ ነው” አላት። “ስነቃ ሁሉም ድነዋል አሉኝ። ለታመመ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው ብዬ ግማሹን ብቻ አመንኩ።”

“ሌሎቹ ጎትተው አወጡኝ” አለችው።

“አሁን አየሁሽ” አለ ካርመኑ፤ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

ለረጅም ጊዜ አወሩ። ባሕሩ ውስጥ ጆሮዋ ሥር ምን ይላት እንደነበር ጠየቀችው። በማልታ ቋንቋ “አትርገጪኝ” ነበር ያልኩሽ፣ እግርሽ ሆዴን ይደበድበኝ ነበር ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠው መክብብ ሚስቱ እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነበር።

ለታደገም ደወለችለት፤ አሁን ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ሞተ ብለኸኝ ነበር ስትለው እንዲህ ማለቱን ፈጽሞ አያስታውሰውም። ደነገጠ፣ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቃት። አልተቆጣችውም። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው የሰማውንም ያልሰማውንም ያወራ ነበር።

እሑድ ቀሲስ ተስፋጽዮንን ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃ፣ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ነገረቻቸው። ለቆመ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት የሙታን ጸሎት ማስደረጓ አሳፍሯት ነበር። ቀሲስ ፈገግ አሉ።

“ጸሎት አይባክንም፣ ልጄ። ከእንግዲህ ከሕያዋን ጋር እናስበዋለን” አሏት።

በሚያዝያ የሺእመቤት ለመስከረም የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። አለቃዋ ቅጹን እየሞላች ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት። ከባሏ ጋር ማልታ እንደሚሄዱ ነገረቻት። አለቃዋ ማልታ የት እንዳለች አላወቀችም፤ እዚያ ዘመድ አለሽ ወይ አለቻት።

የሺእመቤት ትንሽ አሰበች።

“አዎ፣ አለኝ” አለችና የሻትሉን ቁልፍ ይዛ ወጣች።