የሮይ ትከሻ

ዳኝነት የጀመርኩ ዕለት እንዲያሸንፍ የተወሰነለትን ሰው ከመድረክ አባረርኩ።

ያኔ ሲያትል ከመጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም፤ አጠገቡ ኬንት በምትባል ከተማ ባለ መጋዘን ዕቃ እጭናለሁ። የሬስሊንግ መድረኩን ፈታትተው የሚያስቀምጡት እዚያው መጋዘን ጥግ ላይ ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ አዳራሹ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የብረት ምሰሶውን፣ ጣውላውን፣ ስፖንጁን፣ ሸራውንና ገመዱን አውርጄ ከታጋዮቹ ጋር እገጥማለሁ። አዳራሹ ሬኒየር አቬኑ ላይ ያለ አሮጌ የሠራተኞች መሰብሰቢያ ነው። አንድ ቅዳሜ ዳኛው ሳይመጣ ቀረ። የሬስሊንጉ አለቃ ሀርላን ጭንቅ ብሎት ወዲያ ወዲህ ሲል ሳየው፣ አገሬ ዳኛ እንደነበርኩ ነገርኩት። አልዋሸሁም። ናዝሬት ለዓመታት የእግር ኳስ ፊሽካ ነፍቻለሁ። የምን ዳኛ እንደሆንኩ ግን አልጠየቀኝም፤ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሸሚዝ ወርውሮልኝ ሄደ።

ክፉ ሆኖ የሚጫወተው ታጋይ ከቁምጣው ውስጥ ብረት አውጥቶ የባላጋራውን ግንባር መታ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። ብረቱን ቀማሁት፣ ለሕዝቡ ከፍ አድርጌ አሳየሁ፣ ለሰውየውም በእጄ መውጫውን አመለከትኩት። ሕዝቡ በጭብጨባ አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ተመታ የተባለው ሰውዬ በተኛበት አንድ ዓይኑን ገልጦ ምን እየሠራህ ነው አለኝ። ሕግ እያስከበርኩ ነው አልኩት።

ከመጋረጃው ጀርባ ሀርላን አልጮኸብኝም። ብረቱ ሲወጣ ወዴት ታይ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ብረቱ አልኩ። ጥፋትህ እሱ ነው አለኝ። በዚህ ሥራ ዳኛ መቼ ፊቱን እንደሚያዞር ማወቅ አለበት። ንዴቴ እስከ አፍንጫዬ ደረሰ። ድንጋይ እየተወረወረብኝ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ፊትህን አዙር ልባል? ሆኖም ሕዝቡ ወዶሃልና በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስ ሲለኝ ተመለስኩ።

ሥራውን ቀስ በቀስ ተማርኩት። ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ማንስ እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ሰው ቡከር ይባላል። የእኛ ቡከር ሀርላን ራሱ ነበር። የመጨረሻውን ውጤት እሱ ይወስናል፤ እዚያ እስኪደረስ ያለውን ታጋዮቹ እዚያው መድረክ ላይ እየተነጋገሩ ይሠሩታል። የዳኛ ትልቁ ሥራ መልእክት ማመላለስ ነው። ደወል የሚደውለው ሰው ሰዓት ሲያልቅ "ወደ ቤት" ይለኛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ለሁለቱ እነግራለሁ፤ ጨርሱ ማለት ነው። አንዱ ወድቆ ሲቀር እጁን እይዛለሁ። ጣቴን ጨበጥ ካደረገ ደህና ነው። ካላደረገ ጨዋታው ይቆማል፣ እዚህ ላይ ውሸት የለም።

ሌላም ወግ አላቸው። የሚያሸንፈው ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ወደሚሸነፈው ይሄዳል፣ እጁን ለስለስ አድርጎ ይጨብጣል፣ "ዛሬ ይመችሃል?" ብሎ ይጠይቀዋል። ውጤቱ እንደሆነ ተወስኗል፤ ቢሆንም ይጠይቃል። የሚሸነፈው ሰው አንገቱንና ወገቡን አምኖ የሚሰጥ እሱ ነውና። ይህን ወግ ሳይ ሰዎቹን ወደድኳቸው።

ወጉን ከሁሉ በላይ የሚያከብረው ሮይ ነበር። ሮይ ዕድሜው የገፋ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ለረጅም ጊዜ የያዘ ታጋይ ነው። እንጨት ቆራጭ መስሎ ነው የሚጫወተው፤ በእውነትም በወጣትነቱ እንጨት ቆርጧል። ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ እንኳ መጥቶ ከእኛ ጋር ጣውላ ያነሳል። ሀርላን፣ ቀበቶውን ስትለቅ ወጣቶቹን ታሠለጥናለህ ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ሮይ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ያ ቃል ነበር ተስፋው።

ከዚያ ክሬግ መጣ። ክሬግ የሀርላን አማች ነው። መልኩ ያማረ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ለሰላምታ ግን እጁ የማይዘረጋ ልጅ ነው። ጣውላ ሲነሳ ታይቶ አያውቅም። መድረኩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ጸጉሩን አርጥቦ ይመጣል። ሀርላን ቀበቶውን ለእሱ ሊሰጠው ወሰነ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቆጣ፤ ግን ሁሉም በሹክሹክታ ነው። ሀርላን ሲገባ ሁሉም ጫማውን ማሰር ይጀምራል።

ሮይ አላንሾካሾከም። ጠርቶኝ፣ መሸነፍ ሥራዬ ነው፣ አልፈራውም አለ። "ግን ልጁ መጥቶ ይጠይቀኝ። ሳይጠይቀኝ ትከሻዬን መሬት አላስነካም። ይህን ለሀርላን ንገረው።"

በዚያ ሳምንት ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ወዳለ የሐበሻ ሱቅ ሄጄ ጋሽ ወርቁን አማከርኩ። ጋሽ ወርቁ የታረቀ ባልና ሚስት፣ የታረቀ ሸሪክ ሁሉ ስማቸውን የሚጠራ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ያዩናል። ውሸት መሆኑን እያወቁ ለምን እንደሚመጡ ስጠይቃቸው፣ ቤት ቁጭ ብዬ ዜና ከማይ ይሻላል ይሉኛል። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ምክራቸው አጭር ነበር።

"ስማ አበራ፣ ሽማግሌ ክፉ ቃል አያመላልስም። አንዱ ያለውን ለሌላው ኮፒ አድርገህ ከሰጠህማ ፖስታ ቤት ሆንክ። ሶ፣ የሚለሰልሰውን ውሰድ፣ ሌላውን ድሮፕ አድርገው።"

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ለሀርላን፣ ሮይ በደስታ ይሸነፋል፣ ክሬግ ቀደም ብሎ ሰላም ቢለው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለዋል አልኩት። ሀርላን እንደዚህ ጠረጴዛ ሲመታ አይቼው አላውቅም። በእሱ ቤት ማንም ማንንም አይለምንም። እሱ ይወስናል፣ ሮይ ይተኛል። ካልተኛ ማሠልጠኑንም ይርሳው፣ በዚያ በርም ሁለተኛ እንዳይገባ አለ። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ወደ ሮይ ሄድኩና፣ ሀርላን ቤቱን የተሸከምከው አንተ እንደሆንክ ያውቃል፣ ክሬግም ይመጣል አልኩት።

ሮይ፣ ሀርላን እንደዚህ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሌላ አነጋገር አልኩት።

የቀረኝ ክሬግን ማምጣት ነበር። በመስተዋት ፊት ቆሞ ክንዱን ዘይት ሲቀባ አገኘሁት። ሄደህ ሮይን ሰላም በለው፣ ምንም አያስወጣህም አልኩት። ኦኬ ኦኬ፣ በኋላ አለኝ። እኔም ኦኬ ማለት እሺ ማለት ነው ብዬ አመንኩት። አገሬ እሺ ብሎ መቅረት የተለመደ መሆኑን እያወቅሁ፣ ፈረንጅ እሺ ካለ አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ክሬግ በወዲያኛው መግቢያ ወጣ፣ ሮይ በወዲህኛው። መሐል ላይ ቆሜ የሁለቱንም እጅና ጫማ ስፈትሽ ሮይ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ "ልጁ አልመጣም" አለኝ። ደወሉ ግን ተደወለ።

ጨዋታው ጥሩ ነበር። ሮይ በዚያ ጉልበቱ ልጁን አሳምሮ ያጫውተው ነበር፤ ክሬግ ሲሳሳት እሱ እየሸፈነለት። ከዚያ ደወል ደዋዩ "ወደ ቤት" አለኝ፣ እኔም ለሁለቱ ነገርኳቸው። ክሬግ ሮይን አንስቶ አፈረጠውና ላዩ ላይ ተኛ። ወረድኩ፣ ሸራውን በመዳፌ እየመታሁ ቆጠርኩ፤ ትከሻው ሸራውን እንደነካ ሦስት ከሞላሁ ተሸነፈ። አንድ። ሁለት። ሮይ ትከሻውን አነሳ።

ክሬግ ጨዋታውን ለማስዋብ መሰለው። ደግሞ አነሳው፣ ደግሞ አፈረጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ትከሻው ተነሳ። ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሥቶ የሮይን ስም ይጠራል። በመጋረጃው ቀዳዳ ሀርላን ቶሎ ቁጠር እያለ በእጁ ያጣድፈኛል። ክሬግ ፊቱ ነጣ፤ ምን ሆኗል ይለኛል። ሮይ በጀርባው ተኝቶ "ይመጣል ብለኸኝ ነበር፣ ኤቢ" አለ። ኤቢ የሚሉት እኔን ነው። ለሁለቱም የማለሰልሰው ቃል አለቀብኝ።

ቶሎ መቁጠር እችል ነበር። እጄን ሦስት ጊዜ ማጣደፍ ብቻ ነው፤ ደወሉ ይደወላል፣ ሀርላንም ይስቃል። ፊት ማዞርን ተምሬያለሁ፣ ብረት ሲወጣ ጣሪያ ማየት ለምጃለሁ። ያልነካ ትከሻ ነካ ማለት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ለምን ያኛው ቀሎኝ ይሄኛው እንደከበደኝ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ምናልባት ብረቱን ሁለቱም ተስማምተውበት ስለሚያወጡት ይሆናል።

ክሬግ የሮይን አንገት በክንዱ ቆልፎ ይዞ ነበር። ታጋዮች ሲነጋገሩ የሚይዙት እንደዚያ ነው፣ አፋቸው ለሕዝቡ አይታይም። ጎንበስ ብዬ ለክሬግ ያለ ምንም ማለስለሻ ነገርኩት።

"ሮይ እምቢ ብሏል። መጀመሪያም እሺ አላለም። ካልጠየቅከው አይሸነፍልህም።"

"እዚህ?"

"እዚህ።"

የክሬግ ላብ በሮይ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ጉልበቱ መሬት ላይ ነበር፣ ሁለተኛውንም አወረደው። ከዚያ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ ተናገረ።

"ሰር፣ ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ። ዛሬ ይመችዎታል?"

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን በጆሮዬ ሰማሁት።

እንደ ሕጉ ደህና መሆኑን ለማየት የሮይን እጅ ያዝኩ። ጣቴን ጨበጥ አደረገ። "ይመቸኛል" አለ። "ከፍ አድርገህ አንሳኝ፣ አትፍራ፣ እኔም አግዝሃለሁ።"

ክሬግ ተነሣና ሮይን ወደ ላይ አነሳው። እንዲያ ከፍ ያለ ሰው በዚያ አዳራሽ አይቼ አላውቅም፤ የሚያነሳውም የሚነሳውም እኩል ይሠሩ ነበርና። ጣውላው ከሥሬ ሲጮህ ተሰማኝ። ወረድኩ። በለመድኩት ፍጥነት፣ ሳልቸኩልና ሳልዘገይ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ትከሻው ሸራው ላይ አርፏል። ሦስት። እንባዬ መጣ፣ በሸሚዜ እጅጌ ጠረግሁት። ሕዝቡ ለክሬግ ጮኸ፣ ከዚያ ደግሞ ቆሞ ለሮይ አጨበጨበ።

ሀርላን መጋረጃው ጋ ጠበቀኝ። ሮይ ተስማምቷል ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ አለ። ነኝ አልኩ። ለሮይስ ምን ብለኸው ነው አለኝ። ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። ቤቱን የተሸከምከው አንተ ነህ ያልኩት ላይ ስደርስ ፊቱ ተለወጠ። ያ እንኳ እውነት ነው አለ፤ ቢሆንም ከዛሬ ጀምሮ የምልህን እንዳልኩህ አድርስ። ስለ ማሠልጠኑ ጠየቅሁት። ትከሻው መሬት ነክቷል፣ ቃሌ ቃል ነው ብሎኝ ሄደ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ሮይ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ጎንበስ ማለት አቅቶታል። ክሬግ ቀበቶውን መሬት ላይ አኑሮ፣ ተንበርክኮ የሮይን ጫማ ማሰሪያ ይፈታል። እኔም ወጣሁ።

ጋሽ ወርቁ ውጭ መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆነው ምን እንዳዩ አላውቅም፤ የክሬግን መንበርከክ ግን አይተዋል። ወቀስኳቸው።

"ጋሽ ወርቁ፣ ድሮፕ አድርግ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሊያስበሉኝ ነበር።"

"ብያለሁ" አሉ፣ ቁልፋቸውን እየፈለጉ። "ቃሉን የምታለሰልሰው እስኪገናኙ ድረስ ነው እንጂ። ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ፊት ለፊት ያስቀምጣል። አንተ እሱን ስኪፕ አደረግከው፤ ልጆቹ ራሳቸው ጨረሱት።"

ሮይ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ በዚያ ቤት አሠለጠነ። ለአዲስ ሰው የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነገር እጅ አጨባበጥ ነበር፤ ክሬግም አጠገቡ ቆሞ ያሳይ ነበር፣ ጣውላም ያነሳ ነበር። እኔ መስመር ያለውን ሸሚዝ ከሰቀልኩ ቆየሁ። አንዳንድ ጊዜ አዲስ ዳኞች ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው፦ የሚያሸንፈው ሰው የሚሸነፈውን ራሱ ሄዶ ይጠይቀው፣ አንተ አትጠይቅለት። ትከሻው ሲነካ ቁጠር። ካልነካ እጅህን ከሸራው አንሳ።