ከሞቀ ንቀይው

ሰፈሩ በሙሉ «ጣሪያው» ነበር የሚለው። እናቱ እንኳ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣው ብቻ ነው። በእነሱና በእኔ ቤት መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ፣ እሱ እዚያ ሲያስነጥስ እኔ እዚህ ሆኜ «ይማርህ» እለው ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ቆርቆሮ መትቷል። ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ነው የሚሠራው፤ ከኪስ መፈለግ ሥራ ያስፈታል ይላል። አንዱን መትቶ ሳይጨርስ ሌላውን በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ከዚህ ልማድ የተነሣ ሲናገርም ከንፈሩ አይከፈትም፤ ምስማር በሌለበትም እንደያዘ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲል ሻማ ሰጥተውት ተመለሰ። እናቱ ሻማውን አገላብጣ አየችና፣

«ሸሚዝህን በዚህ ልጠብልህ?» አለችው።

«ሻማ ስትፈልጊ ደግሞ ሳሙና እላቸዋለሁ» አላት።

እሷም ብትሆን ጆሮዋ ከበድ ብሏል። ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ ነገር አንዴ ብቻ ተብሎ አያውቅም።

አንድ ዝናብ ያደረበት ጠዋት ከመጋዘን ጣሪያ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ዳሌው ተሰብሮ ብረት ገባበት። ሐኪሙ መሰላል የሚባል ነገር እንዳይነካ አስጠነቀቀው፤ እናቱም ሐኪሙን ቀድማ መሰላሉን ለሰው ሰጥታው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሰው ጣሪያ ሲያይ ኖረ። «ያ ጥጉ ተነሥቷል፣ በሚቀጥለው ነፋስ ይሄዳል» ይላል። ነፋስ ይመጣል፣ ጥጉም ይሄዳል።

ከዚያ ድሮ ያሠራው የነበረ አንድ ኮንትራክተር መጣ። ካሜራ ያለው በራሪ ድሮን ገዝቶ ነበር። «ማብረር የሚችል ልጅ ሞልቷል። ጣሪያ የሚያውቅ ግን የለኝም። ማብረሩን ተማር» አለው። ጣሪያው አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እየተለማመደ ሳለ፣ በሁለተኛው ቀን ያ ነገር ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላዬን ጠልፎ ተነሣ።

«እትዬ፣ ሰማይ ቤት ላደርስልዎት ነበር እኮ!» አለኝ እያነከሰ ሲያመጣልኝ።

በሁለት ወር ውስጥ ሙያው አደረገው። መሬት ላይ በርጩማ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ድሮኑን ከቆርቆሮው በላይ አቁሞ በእጁ ባለው ስክሪን እያንዳንዱን የምስማር ራስ ያያል። «ይቺ እንደኔ ዳሌ ላልታለች» ይልና ይጽፋል። ሰፈርተኛው «እግሩ ቢከዳው ዓይኑን ላከ» እያለ ይቀልድበት ነበር። እሱም ይስቃል። እናቱ ግን ቀልዱን አትወደውም። ልጇ ዳግመኛ ጣሪያ ላይ እንደማይወጣ ካመነች ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

ድሮኑ ሦስት ባትሪዎች ነበሩት። ከእሱ ጋር የመጣው ቻርጀር ወድቆ ስለተሰበረ፣ ኮንትራክተሩ ከገበያ ሌላ ገዝቶ ሰጠው። የግማሽ ዳቦ ያህል ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ተይዞ የሚዞር፣ ሦስቱንም ባንዴ የሚሞላ። ጎኑ ላይ ትንሽ ማራገቢያ አለችው፤ ስትዞር እንደ ዝንብ ጥዝ ትላለች። ሲሞላ ቀይ ያበራል፤ ሲጨርስ አረንጓዴ። ከጊዜ በኋላ የዝንቧ ድምፅ ጠፋ። አንደኛው ባትሪም ሆዱ ተነፋ።

ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ወሰደው። ጠጋኙ የተነፋውን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ፣

«ይኼ አርግዟል፤ ምጡ ደግሞ ክፉ ነው» አለና እዚያው አስቀረው። ቻርጀሩን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ «ማራገቢያው ሞቷል። አዲስ እስክታገኝ አንድ አንዱን ብቻ ስካ። አልጋ ላይ አይሁን፤ መጋረጃ ሥር አይሁን። ከበረራ እንደወረደ በትኩሱ አትስካው። አጠገቡ ሁን። ከሞቀ ንቀለው። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅህን አሳርፈህ ማቆየት ካቃተህ ግን አረንጓዴ እስኪሆን አትጠብቅ።»

ጣሪያው ይህን ሁሉ እንደ ሕግ ያዘው። ለቻርጀሩ ወለሉ ላይ የሴራሚክ ንጣፍ አነጠፈለት፤ አጠገቡ ባልዲ ሙሉ አሸዋ አስቀመጠ። እናቱ ዳንቴል ትሠራለች፤ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውሃ ማሰሮው ሳይቀር ዳንቴል ለብሷል። ቻርጀሩን እንዳታለብስ አስምሏታል። ኮንትራክተሩንም አዲስ እንዲገዛለት ለመነው። «በሚቀጥለው ሳምንት» አለው። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አለው።

አንድ ቀን ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። አንዱ ባትሪ ሙሉ ነው፤ ሌላው ባዶ። የሚታየው ጣሪያ የትልቅ ፋብሪካ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ባዶውን ሰካና ቁጭ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን የኮንትራክተሩ መኪና ውጭ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር።

«ለስድስት ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ። አንቺ ከአጠገቡ አትነሺ» አላት እናቱን።

«የት እሄዳለሁ? ለጭፈራ?» አለችው።

ወንበሯን ሳብ አድርጋ ዳንቴሏን ይዛ ስትቀመጥ ሰማሁ። እኔም በበኩሌ የትራስ ልብስ እሰፋ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ስልኳ ጮኸ። እሷ ስልክ ስታነሣ ድምፁን ወደ ውጭ ለቃ ነው፤ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ከእሱ ወገን ሲሚንቶ ማቡኪያ ያጓራል።

«እማዬ፣ ያ ነገር እንዴት ነው?»

«ቀይ ያበራል።»

«ከሞቀ ንቀይው።»

«ምን አልክ?»

«ከሞቀ! ከሞቀ ንቀይው ነው የምልሽ!»

«እሺ፣ ከሞላ እነቅለዋለሁ። ምን ያስጮህሃል?»

«ጎሽ» አለና ዘጋው።

መርፌዬ በጨርቁ መሃል ቆመች። ግድግዳውን ላንኳኳ አስቤ ነበር፤ እጄንም አንሥቻለሁ። ነገር ግን ማንኳኳት ማለት ሁልጊዜ እሰማችኋለሁ ማለት ሆነብኝ። ያን ያህል ዓመት ተከባብረን የኖርነው እንዳልሰማ ሆኜ ነው። ደግሞም ለራሴ፣ ሞላ ሞቀ ምን ለየው፣ ሲሞላ አይደል የሚሞቀው አልኩ። ስፌቴን ቀጠልኩ።

የትራሱን ሦስተኛ ጎን እየጨረስኩ ሳለ ሽታው መጣ። የጥፍር ቀለም የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ነው። ቀጥሎ ጎማ እንደሚተነፍስ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ የእሷ ጩኸት። ሮጬ በሩን ስከፍት ቤቱ በነጭ ጭስ ተሞልቷል። ቻርጀሩን በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ በሩ ስትመጣ አየኋት። ቤቱ እንዳይቃጠል ወደ ውጭ ልትጥለው ነው። ከእጇ ላይ እሳቱ እንደ ክብሪት ራስ ቦግ አለ። ገፍቼ አስጣልኳትና አሸዋውን ገለበጥኩበት፤ ከአሸዋው ሥርም እንኳ ሲያፏጭ ቆየ። መጋረጃው፣ ወንበሩ፣ የክር ቅርጫቷ ተያይዘው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ሲያጠፉት የኮምፔንሳቶው ግማሽ ከስሎ ቤቶቻችን አንድ ሆነዋል።

በማግሥቱ የእሳት አደጋ መርማሪው ሐኪም ቤት መጣ። ቅጽ የያዘ፣ ትሑት ሰው ነበር። የእናቲቱ ሁለት እጆች እስከ ክርን ተጠቅልለዋል። ጣሪያው ከአልጋዋ ግርጌ ቆሟል፤ እኔ በሩ አጠገብ።

«ምን ብለው ነበር የነገሩዎት፣ እማማ?»

«ከሞላ ንቀይው አለኝ። አልሞላም፤ ቀይ ነበር። እግዜር ያሳይህ፣ ዓይኔን ሳልነቅል ነው የጠበቅኩት።»

«ሞቆ አልነበረም?»

«ይፋጅ ነበር እንጂ! ሁለቴ ነክቼዋለሁ። ግን አልሞላም። ሳይለኝ ነቅዬ ሥራውን ላበላሽበት ነው?»

መርማሪው ወደ ልጇ ዞረ። «ከሞቀ ምን እንደሚያደርጉ ነግረሃቸዋል?»

ጣሪያው ፋሻውን አየ። ሐኪሙ ጠዋት ሁለት ጣቶቿ እንደማይተርፉ፣ የቀሩትም መርፌ እንደማይዙ ነግሮት ነበር። ይህን እሷ ገና አታውቅም። እውነቱን ቢናገር፣ ጣቶቿን የበላው የራሷ ጆሮ መሆኑን ይዛ ልትኖር ነው።

«አልነገርኳትም» አለ። ያን ቃል ከንፈሩን ከፍቶ ነው የተናገረው።

«እርግጠኛ ነህ? ይጻፋል።»

«ይጻፍ።»

ፈረመ። ወረቀቱም ሥራውን ሠራ። ኮንትራክተሩ የተበላሸ ቻርጀር ለአሮጊት ጥሎ ከሄደ ሰው ጋር አልሠራም ብሎ ድሮኑን ወሰደ። ሦስቱ «በሚቀጥለው ሳምንት» ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። በፈረመ ዕለት ሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ይዤው፣

«እኔ ሰምቻለሁ። ከሞቀ ነው ያልካት። እሷ ስትሳሳትም ሰምቼ ዝም አልኩ» አልኩት።

«እኔም እኮ ‹ጎሽ› ብያለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ይተዉት። ለእሷ ብቻ እንዳይነግሩብኝ።»

እናቲቱ ከሐኪም ቤት ወጥታ ጠያቂ ሲመጣ ታሪኩን ሳትሰለች ትናገራለች። «ይኼ አፈ ድፍን! ከሞላ አለኝ፤ እኔም ጠበቅኩ» ትላለች። ጠያቂዎቹ ጣሪያውን በክፉ ዓይን ያዩታል። አንዳንዱም እዚያው ፊቱ፣ «እናት እንዲህ ይደረጋል?» ይለዋል። እሱ ዝም ብሎ በማንኪያ ያበላታል፤ ጸጉሯን ያበጥርላታል። ማበጠር ስለማይችልበት መሃሉን ጠማማ ይከፍለዋል።

ድሮኑ ከሄደ በኋላ ሦስት ወር ሥራ ፈለገ። አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን አንካሳ የሚቀጥር አላገኘም። ክረምቱ ሲቃረብ መሰላል ተውሶ ወደ ጣሪያ ተመለሰ። መጀመሪያ የሠራው የእኔን ነው፤ እሳቱ ያጣመመውን። መልካሙን እግሩን ያስቀድማል፤ የተጎዳውን በእጁ ሱሪውን ይዞ ያነሣዋል። እናቱ ከሥር ቆማ መሰላሉን በክንዶቿ አቅፋ ትይዛለች፤ በእጆቿ መያዝ አትችልምና። እኔ ምስማር አቀብላለሁ።

በሁለተኛው ቀን እሱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሲመታ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ።»

«ግድግዳው ስስ ነበር። ያን ቀን ምን ነበር ያለኝ?»

«ለምን አሁን ጠየቅሽኝ?»

«ከተቃጠልኩ ወዲህ አንድ ቀን ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም» አለች። «ሕፃን ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር እንኳ ገና ሳልሰማ ነው እግሬ ላይ የሚወድቀው። ይኼን ያህል አቃጥሎኝ ዝም! ያላጠፋ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው። ሌሊት ሌሊት እሱን አስባለሁ። እኔ እሆን እንዴ ያልሰማሁት?»

ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሣችም። ከላይ መዶሻው ቆሟል።

«ከሞላ ነው ያለሽ» አልኳት። «በደንብ ሰምቻለሁ።»

ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ወደ ላይ አንጋጣ በስሙ ጠራችው።

«ና ውረድ! ይቅርታ በለኝ!»

ፊቱ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ብቅ አለ። እኔን አየ፣ እሷን አየ። ሦስት ደረጃ ወረደና መሰላሉ ላይ ቆመ። ቃሉ እንዳይጠፋባት ፊቱን ወደ ፊቷ ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ፣ እማዬ። ደህና አድርጌ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። አለቀሰች፤ እንባዋን የሚጠርግ እጅ ስለሌላት እኔ ጠረግኩላት። «ሥራህን ጨርስ በል። ዝናቡ መጣ።»

ገና አራት ቆርቆሮ ቀርቶ ነበር። ሱሪውን ይዞ እግሩን አነሣና ተመልሶ ወጣ።