ጃንጥላውን በቁሙ የቀበረው ጸሐፊ

ጸሐፊው ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ ኖሮ አሁን የቀረው ሥራ አንድ ነው። አብረውት ከቅየሳ ኮሌጅ የተመረቁትን ሰዎች ወሬ በየዓመቱ ይሰበስብና በሁለት ገጽ አስተይቦ ለሁሉም ይልካል። ሲመረቁ ሠላሳ አራት ነበሩ፤ አሁን አስራ ዘጠኝ ቀርተዋል። ማን አያት ሆነ፣ ማን ዓይኑን ታከመ፣ ማን ልጁ ዘንድ ሊኖር ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ፣ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ ይወጣል።

ወረቀቱ ሕግ አለው። ቀያሽ አንድን ነጥብ ከአንድ ቦታ ብቻ አይቶ አይመዘግብም። ዞሮ ከሌላ ቦታ ደግሞ ያየዋል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ እንደገና ይለካል። ወሬም እንደዚያው ነው፣ ከሁለት ሰው ካልተሰማ አይጻፍም። ሕጉን ያወጣው ጸሐፊው ራሱ ነው። ያፈረሰውም እሱ ነው።

ዘንድሮ ወረቀቱ ሊተየብ ሲል አንድ ጓደኛቸው ደወለ። በአውቶቡስ ሲያልፍ ጃንጥላው የሚሉት ሌላ ጓደኛቸው ደጅ ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ሞልቶ አይቷል። ጃንጥላው የኮሌጅ ስሙ ነው። መስክ ሲወጡ የቅየሳ መሣሪያውን ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላ ይዞ የሚቆመው እሱ ነበር፤ መሣሪያውን የሚያነበው ደግሞ ጸሐፊው። ጸሐፊው ደንግጦ የጃንጥላውን ስልክ ሞከረ፤ አይነሳም። ሄዶ እንዳያይ እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ታይፒስቷ ደግሞ ቶሎ በሉ እያለች ነው። አለቀሰና የጃንጥላውን ሞት ጻፈው፤ አንድ አንቀጽ ሙሉ፣ አሳምሮ። ከዚያ እንደ ልማዱ ፖስታዎቹን በአድራሻው ዝርዝር መሠረት ላከ፤ አንዱን ለሟቹ ለራሱ።

በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣ። «የሞትኩት እኔ አይደለሁም፤ ሚስቴ ናት። እሷን ስቀብር አንዳችሁም አልመጣችሁም። ከእንግዲህ ወረቀት እንዳትልክልኝ።»

ያን ቀን ጸሐፊው ምሳ አልበላም። የይቅርታ ደብዳቤ ላከ፤ ሳይከፈት ተመለሰለት። ደወለ፤ ጆሮው ላይ ተዘጋበት። የጸሐፊው ሚስት፣ ተወው እስኪ፣ ሲበርድለት ራሱ ይደውላል አለችው።

«በወረቀት የገደልኩትን ሰው በወረቀት አላስነሳውም» አላት። «እሄዳለሁ።»

ጄሶው በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከዘራውን ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጣ። በሩን የከፈተችው የጃንጥላው ልጅ ናት። በአክብሮት፣ ግን ቀዝቀዝ ብላ፣ አባቷ ሰው ማየት እንደማይፈልግ ነገረችው። እሺ ብሎ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እስከ አሥር ሰዓት ቆይቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ማዶ ያለችው ጎረቤት ቤቱ ሊሸጥ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችው። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ትራስ ይዛ ወጣች፤ «ጋሼ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዝዎታል» ብላ አነጠፈችለት። እሱ ግን አባቷን እንድትለምንለት አልጠየቃትም። ጥፋቱ የሱ ነው፤ ሰው ማስቸገር አልፈለገም።

በአራተኛው ቅዳሜ ከራሱ በላይ መስኮት ተከፈተ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብር መጣህ?»

«ስለ ሚስትህ ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

«ስለሷ ምን ታውቃለህ አንተ?»

«ምንም። ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።»

መስኮቱ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

ጃንጥላው ከስቷል፤ ጺሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ሳሎኑ ጥግ ላይ የሚስቱ የስፌት መኪና ክዳኑን እንደለበሰ ቆሟል። ለጸሐፊው ወንበር ሳበለት። ከዚያ ስለ ሚስቱ ማውራት አንዴ ከጀመረ ማን ያስቁመው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ቀያሽ ሆኖ ካርታ ማጠፍ አይችልም እያለች ትስቅበት ነበር። ስትዘፍን ድምጿ አያምርም፣ ግን አታቆምም። ጸሐፊው ሁሉንም ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበለት። ጃንጥላው ሠላሳውን ሠላሳ አንድ አስደረገው። ዘፈኑን አውጣው አለ። ወዲያው ደግሞ፣ አይ ይቆይ አለ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ስለ አንተስ ምን ልበል ብሎ ጠየቀው።

ጃንጥላው የስፌት መኪናውን ክዳን አስተካከለ። «ቤቱ ጭር ብሎበታል በል። ሰው ቢመጣ አያባርርም በል።»

ጸሐፊው ቃል በቃል ጻፈው። ተሰናብቶ ወጥቶ አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጥ ግን የሚቀጥለው ወረቀት ሊወጣ ገና ስምንት ወር እንደቀረው አሰበ። ስምንት ወር ሙሉ ሰው በር ከፍቶ አይጠብቅም። ስልኩን አወጣና መጀመሪያ ለዚያ፣ ጥቁር የለበሱትን ሰዎች ላየው ጓደኛው ደወለለት።

«ቅዳሜ ጠዋት ተነስ። ጃንጥላው ቤት ለቅሶ እንደርሳለን።»

«ጉልበቴስ?» አለ ያኛው።

«እሱንም ይዘኸው ና» አለና ወደሚቀጥለው ደወለ።