ያልሰመረ ስለት

ሸዋረገጥ ስትጸልይ ላያት፣ የምትለምን ሳይሆን ለእግዚአብሔር የዕለቱን ሥራ የምትደለድል ትመስል ነበር። «ዛሬ ከፊት መስመር አውጣልኝ። አዛዡን አራራልኝ። ሲጠማው ምንጭ አሳየው፤ ግን ቀዝቃዛ አይሁን፣ ቶንሲል አለበት።» አይፈረድባትም፤ ደምመላሽ አንድ ልጇ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ፣ አስመራ ደርሷል ከመባሉ በቀር ወሬው ጠፍቷል።

ድሮም ነገር ለሰው ጥላ ማደር አታውቅበትም። ሄርማታ ሰፈር ካለው የቡና መጋዘን ብልዙን፣ የተበላሸውን ፍሬ፣ ከደህናው ስትለይ ትውላለች፤ ጓደኞቿ የለቀሙትንም መልሳ ትለቅማለች። ባሏ ገበየሁ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ ተነስታ ከፍታ እንደገና ትዘጋዋለች። ሰውየው ለምዶታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይስቃል።

ለገብርኤልም ተሳለች። «ልጄን ለታኅሣሥ ንግሥህ ካደረስክልኝ፣ ቀይ ከፋይ ጥላ አስገባልሃለሁ» አለች። ጨርቁን ራሷ መረጠች፣ ዘርፉን ራሷ ሰፋች። ከዚያ በኋላ የቀረው መልአኩ የራሱን ድርሻ መወጣቱ ብቻ ነበር።

ንግሡ ደረሰ። ደምመላሽ ግን አልመጣም።

በዋዜማው ጎረቤቷ ሐጂራ ብቅ አለች። የሐጂራ ልጅ ቲጃኒም ከደምመላሽ ጋር በአንድ መኪና ነው የተጫነው። ጥላው አልጋው ላይ ተጠቅልሎ አየችው።

«ነገ ታስገቢያለሽ አይደል?»

«ለምኑ? ልጄን መቼ አመጣልኝ!»

«ማሎ፣ ኧረ ሸዋዬ! ከረቢ ጋር ገበያ ወጣሽ እንዴ?»

«አንቺስ እንዴት ብለሽ ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ?»

«ማን ተኛ አለሽ? አለቅሳለሁ እንጂ። ስጨርስ ግን ‹ያ ረቢ፣ ቲጃኒ ያንተ ነው፣ እኔ አልደርስበትም› እለዋለሁ። ወላሂ፣ አልደርስበትማ!»

ሸዋረገጥ ተቀየመች። እስከ በር እንኳ አልሸኘቻትም።

ንጋት ላይ ሸለብ አደረጋት። ደምመላሽ በጭጋግ ውስጥ ሰፊ ወንዝ ሲሻገር አየች። እሷ ከዚህኛው ዳር ሆና «በግራ! ድንጋዩን ርገጥ! ቀስ!» እያለች ትጮኻለች። ልጁ አይሰማትም። ጮኻ ጮኻ ድምጿ ተዘጋ። ዝም ስትል የውሃው ድምፅ ተሰማት፤ ከልጇ ጎንም አንድ ሰው አብሮ ሲራመድ አየች። ፊቱ አይታይም፤ እጁ ግን የልጇ ትከሻ ላይ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንዴት እንዳላየችው ገረማት። ይሻገሩ አይሻገሩ ሳታውቅ ነቃች።

ተነስታ ጥላውን አቀፈች። የሰፈሯ የጊንጆ ጉዱሩ ጭጋግ በየግቢው ከተሰጣው ቡና ላይ ገና አልተነሳም። ቤቱም ዛፉም ሰውም እየታየ ይጠፋል። ሕልሙ የቀጠለ መሰላት፤ እግሯ መሬት መንካቱንም እንጃ። ሐጂራ ከደጇ አየቻትና ሻሿን አስተካክላ ተከተለቻት።

ሐጂራ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀረች። ውስጥ፣ ስለት ተቀባዩ ለይኩን የሰመረለትን ሁሉ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። መካኗ ወለደች፣ የታመመው ዳነ፣ ሕዝቡም እልል ይላል። የሸዋረገጥ ተራ ደረሰ።

«እናቴ፣ መልአኩ ምን አደረገልዎ?»

«ልጄን ከጦር ሜዳ እንዲያመጣልኝ ተስዬ ነበር።»

«እንኳን ደስ አለዎ! መጣ?»

«አልመጣም።»

ለይኩን ማጉያውን ከአፉ ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ሲመጣ ቢያስገቡ አይሻልም?»

«ተቀበለኝ ልጄ። አምጣልኝ ብዬ አይደለም። ጥላውም ልጁም የእግዚአብሔር ነው፤ እንደ ወደደ ያድርግ።»

ለይኩን እንዲህ ያለ ስለት ጠርቶ አያውቅም። በመጨረሻ ስሟን ጠይቆ፣ ማጉያውን መልሶ አነሳና «ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ ልጃቸው ሳይመጣ፣ ጥላ አስገብተዋል» አለ። እልል የሚል ጠፋ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ ተሰማች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ለካ ቅጥሩ ልጅ በሚጠብቁ እናቶች ተሞልቷል። የመጀመሪያዋን እልልታ ያሰማችው ራሷ ሸዋረገጥ ነበረች።

ስትወጣ ሐጂራ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን ብለሽ ለመንሽው?»

«ምንም። ዝም አልኩ።»

«ረቢስ ምን አለሽ?»

የሸዋረገጥ እንባ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«መጣ» አለች።