በስብሰባ ላይ የተጠራ የክርስትና ስም

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። ምን ጉዳት ደረሰና ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

መሐል ሜዳ ተወልጄ ያደግሁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን አዲስ አበባ ቢሆንም፣ እኔ የምሠራው እዚሁ መናኸሪያው አጠገብ በተከራየኋት ክፍል፣ ለብርዱ ባና ደርቤ ተቀምጬ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው ሌሎች የጻፉትን ኮድ ማየት ነው። እኔ አይቼ “ይግባ” ካላልኩ አይገባም። ይህቺ ሥልጣን ልቤን ትንሽ አሳብጣው እንደነበር አልክድም።

የኮዱን ታሪክ የሚይዝልን ፕሮግራም እያንዳንዱን ለውጥ ከሠራው ሰው ስም ጋር ይመዘግባል። ሰው በአንድ ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቱንም የግሉንም ሥራ ስለሚሠራ፣ “በዚህ ፎልደር ውስጥ ስሆን ይህን ስም፣ ከዚያ ውጭ ስሆን ያንን ስም ጻፍ” የሚል ቅድመ ሁኔታ ይሰጠዋል። ይህን ቅድመ ሁኔታ በሁላችንም ላፕቶፕ ላይ የሚያስገባ አንድ የጋራ ኮድ ነበረን።

አንድ ቀን ጠዋት እንዳየው የተላከልኝ ለውጥ ይህንኑ የጋራ ኮድ የሚነካ ነበር። ከላይ የሠሪውን ስም ሳይ ደነገጥኩ። ከእኛ ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው የለም። በ“ወለተ” ይጀምራል፤ ቀሪውን እዚህ አልጽፈውም።

አለቃችን በዚያው ሰሞን “የማታውቁት ሰው ከገባ ወዲያው ንገሩኝ” ብሎን ነበር። እኔም ሌባ የያዝኩ መሰለኝና ደስ አለኝ። ኮዱን አላነበብኩም። ከየትኛው ባልደረባ እንደተላከ ለማየት አንድ ቦታ መንካት ይበቃ ነበር፤ እሱንም አላደረግሁም። ሁላችንም በምንጻጻፍበት ቦታ “የማይታወቅ ሰው ገብቶብናል!” ብዬ ለጠፍኩ።

አለቃችን የሁላችንንም መግቢያ ዘጋና በቪዲዮ ስብሰባ ጠራን። ከዚያ ስሙን ከነሙሉው ጮክ ብሎ አነበበው።

“ይቺ ሴትዮ ማን ናት? የሚያውቃት አለ?”

“መነኩሲት ናት እንዴ የሰረቀችን?” አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ። አለቃችን ስሙን ደግሞ አነበበው።

ይሄኔ እትዬ አስካለ ማይክራፎኗን ከፈተች። ለመሐል ሜዳ ቅርብ የሆነችው የራቤል ከተማ ሰው ናት፤ ድሮ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ሥራ ስጀምር ታግሣ ያስለመደችኝ እሷ ናት።

“እኔ ነኝ” አለች። “የክርስትና ስሜ ነው።”

እሷ ወደ ታች ታያለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቀድሞ መንቃት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኛ አገር እናት የልጇን የክርስትና ስም ለንስሐ አባት ካልሆነ ለማንም አትነግርም። ክፉ ሰው ከሰማው ስሙን ይዞ ያስደግምበታል ተብሎ ይፈራል። ተምረናል ብለን ብንስቅበትም እንደብቀዋለን።

እትዬ አስካለ በዚያው ላፕቶፕ፣ ማንም በማያየው የግል ፎልደር፣ የመዝሙርና የጸሎት ጽሑፎቿን በክርስትና ስሟ ታስቀምጣለች። በጋራው ኮድ ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ፎልደር ስም መጨረሻ አንዲት ዘመም ያለች ጭረት (/) ስለጎደለች፣ ቅድመ ሁኔታው ፎልደሩን አላወቀውም። ስለዚህ የግል ስሟን ጻፈ። የላከችው ለውጥ ያችኑ ጭረት የሚጨምር ነበር። “አንዳንዶቻችን ላይ የግል ስም እየወጣ ስለሆነ ቶሎ ይታይልኝ” ብላ ከሥሩ ጽፋለች። የራሷም መውጣቱን አላስተዋለችም። ዓይኔን ትንሽ ዝቅ ባደርግ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ተጽፎልኝ ነበር።

ስብሰባው እንዳለቀ ደወልኩላት።

“እትዬ፣ ይቅር በይኝ። መጀመሪያ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ።”

“አዎ፣ ነበረብህ” አለች። “እማዬ እንዳትሰማ ብቻ። አሞኝ የተኛሁ ጊዜ ‘ስምሽን ሰው ሰምቶብሽ ነው’ እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። ይህን ብትሰማ እንቅልፍም አይወስዳት።”

“ከእኔ አትሰማም” አልኳት።

“ተወው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። ካወቅኸው አይቀር በጸሎትህ አስበኝ” አለችኝ። “የአንተስ የክርስትና ስም ማን ነው? እኔም ላስብህ።”

የእሷን በሰው ሁሉ ፊት ያስነበብኩ ሰውዬ፣ የራሴን ለእሷ ብቻ መናገር አቃተኝ። እናቴ “ለማንም እንዳትናገር” ያለችኝ ጆሮዬ ላይ መጣ።

“ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ” አልኩ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል።

“እሺ ወንድሜ፣ ስለደወልክ እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ዘጋችው። የገባት ይመስለኛል።

ያንኑ ዕለት ኮዷን አነበብኩት። አንድም ስህተት የለውም፤ አስገባሁት። አለቃችንም ስሟን ከመዝገቡ አስጠፋው።

አሁንም አብረን እንሠራለን። ሰላምታዋ አልተለወጠም፤ ስሜን ግን ዳግመኛ ጠይቃኝ አታውቅም። እሑድ ቅዳሴ ስቆም እንዳዘዘችኝ ስሟን አነሳለሁ፤ ያኔ ነው ሐፍረቱ የሚብስብኝ። እሷም ሳታስበኝ አትቀርም። ምን ብላ እንደምትጠራኝ ግን አላውቅም።